የሚያዝያ 27 ነገር

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ በሶና ዳቦ ቆሎ ልካልሻለች።

በቀደም በስልክ «ሚያዝያ 27 ትምህርት የለም» ብለሽ ስትደሰቺ አንድ ነገር ልነግርሽ ስል ሂሳቤ አለቀ። እሱን ልጻፍልሽ።

ያ ከብዶኛል የምትይው የፍትሐ ብሔር ሕግ መቼ እንደታወጀ እስቲ እዪው። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። የንግድ ሕጉም ያን ዕለት ነው የታወጀው። የወንጀለኛ መቅጫው ደግሞ በጃንሆይ ልደት፣ ሐምሌ 16 ቀን 1949 ታውጆ ሥራ ላይ የዋለው ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ነው። ጣሊያን አዲስ አበባን የያዘው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነበር። ጃንሆይ ተመልሰው የገቡት በ5 ዓመቱ፣ በዚያው ቀን። ቀኑ እንዲሁ የገጠመ አይመስለኝም።

ደርግ ሲመጣ የድል በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዛወረው። አዲስ አበባ ከጣሊያን እጅ የወጣችበት ቀን ስለሆነ ውሸት ነው አልልም። ግን ጃንሆይን ከበዓሉ ለማውጣት እንደሆነ እኛ ቤት ሁሉም ያውቅ ነበር።

አያትሽ ያን ጊዜ ምን ያደርጉ እንደነበር ነግሬሽ አላውቅም። ካላንደሩ ላይ መጋቢት 28 በቀይ፣ ሚያዝያ 27 በጥቁር ተጽፏል። የሥራ ቀን ነው። እሳቸው ግን በጠዋት ተነስተው ሳጥናቸውን ይከፍታሉ። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን ሜዳይ ያወጣሉ። በጋቢያቸው ጫፍ ወልውለው ኮታቸው ላይ ያደርጉታል። እንደዚያ ሆነው ቡና ይጠጣሉ። በረካው ሲያልቅ ነቅለው፣ ጠቅልለው፣ ወደ ሥራቸው ይወጣሉ። ቃል አይተነፍሱም። እኔም አልጠየቅኳቸውም፤ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ደርግ ሲወድቅ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። የደርጉ መስከረም 2 ጠቆረ፣ ግንቦት 20 ቀላ። አንድ ቀን በዓል የሚሆነው በአዋጅ ነው፤ በአዋጅም ይሻራል። ፍርድ ቤት የሚዘጋው፣ በዓል ቀን የሠራ ሠራተኛ እጥፍ የሚከፈለው በዚያ ነው። ይህን ከእኔ ይልቅ መምህሮችሽ ያስረዱሻል።

በዓሉን ግን ዶርም ተኝተሽ እንዳታሳልፊው። ስድስት ኪሎና አራት ኪሎ ቅርብ ነው። በጠዋት አራት ኪሎ፣ የድሉ ሐውልት ጋ ሂጂ። አርበኞቹ ጥቂት ቀርተዋል፤ የልጅ ልጆቻቸውም የአያቶቻቸውን ሜዳይ አድርገው ይመጣሉ። የአያትሽን ልኬልሻለሁ። ከበሶው ሥር፣ በዚያው ጨርቅ እንደተጠቀለለ ነው።

አባትሽ፣
ከደብረ ብርሃን