ክራሬ ከሸክላው ጋር አልገጥም አለ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ጋዜጣችሁን ከፊት ገጹ እስከ ማስታወቂያው የማነብ የደሴ ሰው ነኝ። ሥራዬ ሬዲዮና ቴፕ መጠገን ነው። ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ካውያዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ለጋዜጣ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ያስጻፈኝ ባለፈው ክረምት የገጠመኝ ነገር ነው።

ከውጭ አገር ተመልሶ ኮምቦልቻ የሚኖር አንድ ደንበኛዬ ሸክላ ማጫወቻ ይዞ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ መጣ። ቺንጊያው ስለላላ ዙሩ ይጎትታል። «መሞከሪያ ይሁንህ» ብሎ አንድ አልበም አብሮ ተወልኝ። ስትራት የተባለው የለንደን አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባሉት የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች ስብስብ ነው። ርእሱ «ኒውዮርክ–አዲስ–ለንደን» ይላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1975 ያሉትን ሥራዎች አሰባስበው፣ ድምፁን እንደገና አጥርተው ያሳተሙት ነው። አዲስ ቺንጊያ አስገባሁ፣ ማዞሪያው ጠርዝ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጠፍኩና ሰዓቴን ይዤ መቁጠር ጀመርኩ። ትልቁ ሸክላ በ3 ደቂቃ ውስጥ ልክ 100 ጊዜ መዞር አለበት። 100 ሞላ። ከዚያ መርፌውን አሳረፍኩ።

ሙዚቃውን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር የተቀመጥኩት። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት አንድ የአሰብ መስመር ሹፌር የመኪናው ቴፕ የጎረሰበትን ካሴት አምጥቶልኝ ነበር። የተጨማደደውን ክር ቆርጬ አወጣሁ፣ ሁለቱን ጫፍ በቀጭን ፕላስተር አያያዝኩ፣ ድምፁን ከክሩ ላይ የሚያነበውን ሄድ በአልኮል ጠርጌ ሞከርኩት። ዘፋኝ የለበትም፤ የሚዘፍነው መሣሪያው ነው። ካሴቱ ላይ በእስክሪብቶ «ሙላቱ» ተብሎ ተጽፎበታል፣ ሌላ ምንም የለውም። ሹፌሩ እስኪመለስ ለራሴ ቀዳሁት። ያ ቅጂ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሱቄን ስከፍት የምሰማው፣ ማታ ክራሬን ይዤ የምከተለው ሙዚቃ ሆነ።

አሁን ከሸክላው የሰማሁት ግን ሌላ ነው። በእኔ ካሴት ላይ ቤዝ ጊታሩ ክረምት ላይ እንዳለው የደሴው ጦሳ ተራራ ነበር፤ እዚያ እንዳለ ታውቃለህ እንጂ አታየውም። በሸክላው ላይ ጉሙ ተገፎ ተራራው ቁጭ አለ። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ጭንቅላቴን ያስነቀነቀኝ እሱ ኖሯል። ኮንጋው ከከበሮው ተለይቶ ይሰማል። አንዱ በእጅ መዳፍ ሌላው በዱላ እንደሚመታ መለየት ቻልኩ። ዋው ዋው የሚለው ጊታር ካሴቴ ላይ የክር መንሸራተት ይመስለኝ ነበር፤ እንዲያውም ስንት ጊዜ ሄዱን የጠረግኩት በዚያ ምክንያት ነው። ሳክስፎኑ ከመግባቱ በፊት ነፊው ትንፋሽ ሲስብ ሰማሁ። ሱቄን ዘግቼ ሁሉንም ፊት ደገምኩት።

ማታ ክራሬን አመጣሁ። በዚያ ካሴት ልክ ቃኝቼው የኖርኩት ክራር ነው። ከሸክላው ጋር ስመታው አልገጥም አለ፤ የእኔ በግማሽ ድምፅ ያህል ከፍ ይላል። መጀመሪያ ማጫወቻውን ጠርጥሬ ዙሩን እንደገና ቆጠርኩ፤ አሁንም 100 ነው። የተሳሳተው ካሴቴ ነበር። በቅብብሎሹ መሐል አንዱ የቀዳበት ቴፕ ሞተሩ ዘገምተኛ ከነበረ፣ ክሩ በደህና ቴፕ ሲጫወት ሙዚቃው ፈጥኖና ቀጥኖ ይወጣል። ከሞተሩ ጀርባ ባለች ቀዳዳ በቀጭን ካቻቢቴ የምትዞር ብሎን አለች፤ የእኔ ሙያ እሷን ማስተካከል ነው። የሰውን ሁሉ ቴፕ ፍጥነት ሳስተካክል ኖሬ የምወደውን ሙዚቃ ግን በትክክለኛው ድምፁ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ይህ ከልብ አሳዝኖኛል።

ለአንባቢ አንድ ነገር ላስረዳ። በስቱዲዮ ዋናው ክር በሰከንድ 38 ሴንቲሜትር እየሮጠ ይቀዳል፤ የካሴት ክር ግን በሰከንድ 5 ሴንቲሜትር እንኳን አይሞላም፣ ስፋቱም 4 ሚሊሜትር አይደርስም። ስለዚህ ከካሴት ወደ ካሴት በተቀዳ ቁጥር ቀጫጭኑ ድምፅ ይሞታል፣ ሹሹታው ይጨምራል። ድምፅን እንደገና ማጥራት የሚሉት ሥራ ወደ ዋናው ክር፣ እሱ ከጠፋም ወዳልተጎዳ ሸክላ ተመልሶ ከዚያ መነሳት ነው። አጽጂው የመርፌውን ጠቅታ ያነሳል፣ የወፍራሙንና የቀጭኑን ድምፅ ሚዛን ያስተካክላል፣ ሙዚቀኞቹ ያልተጫወቱትን ግን አይጨምርም። ይህን የምለው አሁን አሁን በየስልኩ የሚዞረውን ስለምሰማ ነው። የድሮውን ሙዚቃ ኤኮ ጨምረው፣ ከላዩ የኮምፒዩተር ከበሮ ደርበው «በጥራት የቀረበ» ይሉታል። ሹሹታውን እናጥፋ ሲሉም የጸናጽሉን ድምፅ አብረው ይገድሉታል። ከዚያ ሁሉ የሹፌሩ ካሴት ይሻለኛል።

ለምን ይህን ያህል ነገሩ ገባኝ? ጋሽ ሙላቱ ተወልደው ያደጉት በጅማ በኩል ነው፤ የተማሩት በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ላይ ከላቲን ምት ጋር የጀመሩትን በ1972 እዚያው ኒውዮርክ ከፈንኩ ቤዝና ከጃዝ ጋር አዋሕደው ቀዱ። ነገር ግን የዚያ ሁሉ መሠረት የእኛ አራት ቅኝቶች ናቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ባቲ ከኮምቦልቻ ቁልቁል ወደ አፋር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ሰኞ ሰኞ ገበያዋ የሚደምቅ ከተማ ናት። አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን ያለው አምባ ነው። የፈረንጁ ጃዝ በ12 ድምፅ ይሄዳል፣ የእኛ ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው። አሥራ ሁለቱን ከላይ ሲደርቡበት አምስቱ መዋጥ ይችሉ ነበር። በሸክላው ላይ ግን ቫይብራፎኑ፣ ያ በዱላ የሚመታው ባለ ብረት መሣሪያ፣ እነዚያን አምስት ድምፆች እንደ ደወል እየለቀመ ሲመታቸው፣ ከሥር ያለው የነሐስ መሣሪያ ሁሉ መንገድ ይለቅላቸዋል። አንዳንድ ሰው «ያ የፈረንጅ ሙዚቃ ነው» ሲለኝ ዝም እል ነበር። ከእንግዲህ ዝም አልልም፤ የወሎ ሰው በገዛ አገሩ ስም የሚጠራውን ቅኝት የፈረንጅ ማለት የለበትም።

እዚህ ላይ አምሃ እሸቴን ሳላነሳ ባልፍ ደስ አይለኝም። የሸክላ ሥራ በመንግሥት እጅ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 በግሉ ደፍሮ የጀመረው እሱ ነው። ያኔ የታተሙት ሸክላዎች ባይኖሩ ኖሮ በኋላ የመጡት ፈረንጆች ከምን ላይ ተነስተው ያጠሩት ነበር? ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ በተባለው የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ አልበሙ ውስጥ አራተኛውን ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1998 ለጋሽ ሙላቱ የሰጠውም የዚያን ዘመን ቅጂ ይዞ ነው።

አሁን ወደ ልመናዬ ልግባ። በደሴና በኮምቦልቻ በስንት ቤት ቁም ሳጥን ላይ፣ አልጋ ሥር፣ ሸክላና ካሴት አለ። የደሴ ብርድና ጉም ክሩን ያሻግተዋል፤ ነጭ አቧራ የሚመስለው ሻጋታ ነው፣ ሄድ ላይ ሲያልፍ ይላጣል። የኮምቦልቻ ሙቀት ደግሞ በቆርቆሮ ጣራ ሥር የተጋደመ ሸክላ ያጎብጣል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሱቄ ተሰብሮ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያጠራቀምኳቸው ኦርጅናል ካሴቶች መንገድ ላይ ተበትነው ነበር። ስመለስ ክሩ የመብራት እንጨት ላይ ተጠምጥሞ በነፋስ ሲወዛወዝ አገኘሁት። የሹፌሩ ቅጂ የተረፈው በዚያ ሰሞን ኪሴ ውስጥ ስለነበር ብቻ ነው።

«አሮጌ ካሴት ምን ይሠራል?» ለሚል ሰው አንድ ምሳሌ አለኝ። ኃይሉ መርጊያ በአኮርዲዮንና በሲንተሳይዘር የቀዳው የ1985 (እ.ኤ.አ.) ሥራ እንደገና ታትሞ ዓለም የሰማው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። የተገኘውም ባሕር ዳር ውስጥ ካሴት ከሚሸጥበት ቦታ ነው። አንድ እንግዳ ሰው ያነሳት አንዲት ካሴት ናት። ደሴ ላይ ያለውን ማን ሊያነሳው ነው?

ስለዚህ ጋዜጣችሁ ስለ ቅኝቶቹና ስለ ዘመኑ ሙዚቀኞች በአማርኛ እንዲጽፍ እለምናለሁ። አልበሙ ውስጥ ያለው ማብራሪያ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ቤዙን ማን እንደመታው ለማወቅ የደንበኛዬን ልጅ አስቀምጬ ማስነበብ ነበረብኝ። አንባቢም ሸክላ ካለው አይጣለው። አያጋድመው፣ እንደ መጽሐፍ ያቁመው፤ ከምጣድና ከፀሐይ ያርቀው። ካሴት ከሆነ በፕላስቲክ ከረጢት አፍኖ አያስቀምጠው። ወደ ሱቄ የሚያመጣልኝ ካለ አጽድቼ ፍላሽ ላይ እቀዳለታለሁ፣ ሸክላውን እመልሳለሁ፣ ዋጋ አልጠይቅም።

ደንበኛዬ ማጫወቻውን ወስዷል። አልበሙን ግን «አንተ ጋ ይቆይ» ብሎኛል። ክራሬን በሸክላው ልክ ዝቅ አድርጌ ቃኝቼዋለሁ፤ ጣቴ ገና አልለመደውም። ባለፈው ሰኞ አንዲት እናት ከገበያ ሲመለሱ በነጠላ የጠቀለሏቸውን አራት ትንንሽ ሸክላዎች አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። የባለቤታቸው ነበሩ። ሁለቱ ተሰንጥቀዋል። ሦስተኛውን ዛሬ ጠዋት ለብ ባለ ውሃና በአንድ ጠብታ ሳሙና፣ መሐሉ ላይ ያለው ወረቀት እንዳይረጥብ ጠብቄ አጥቤ፣ ጨርቅ ላይ አቁሜዋለሁ። እስኪደርቅ ነው ይህን የጻፍኩት።

አክባሪያችሁ፣
ቴፕ ጠጋኙ
ከደሴ፣ ፒያሳ