እማዬ፣ አልጋሽ ሥር ስላገኘሁት ካርቶን

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሲያትል እንደ ልማዷ ዝናብ በዝናብ ናት።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ሞክሬያለሁ። አንቺ ግን «እሺ የኔ ልጅ፣ እሺ» ትይና ወሬውን ወደ ልጆቹ ጉንፋን ትወስጂዋለሽ። ስለዚህ ጻፍኩት። መነጽርሽን አድርጊና ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ለፋሲካ ሲልቨር ስፕሪንግ የመጣሁ ጊዜ፣ ሻንጣ ስፈልግ አልጋሽ ሥር አንድ ካርቶን አገኘሁ። ሁለት የጉልበት መደገፊያ፣ አንድ የእጅ አንጓ ማሰሪያ፣ ሁሉም ከነላስቲኩ። የወገቡ ቀበቶ ብቻ የለም። በኋላ ጓዳ ስገባ የበርበሬውን ማዳበሪያ ጥርቅም አድርጎ አስሮት አየሁት። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ሳቄ ግን የብስኩት ቆርቆሮሽን እስክከፍት ድረስ ነበር። ሳትከፍቻቸው የምታጠራቅሚያቸው ፖስታዎች ውስጥ የሜዲኬር፣ ማለት የመንግሥቱ የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ፣ ወረቀት አለ። «ቢል አይደለም ይላል እኮ፣ ጎረቤቴ አንብባልኛለች» አልሽኝ። እውነት ነው፣ ቢል አይደለም። በስምሽ ማን ምን እንዳስከፈለ የሚነግርሽ ወረቀት ነው። ያንቺ ደግሞ አይተሽው የማታውቂው ዶክተር አራት ዕቃ እንዳዘዘልሽ ይናገራል።

ከዚያ ነው የልጁን ነገር የነገርሽኝ። በአማርኛ ደውሎ «እማማ፣ ከሜዲኬር ነው፣ ጉልበትዎን ያምዎታል?» አለሽ። ጉልበቷን የማያማት የ76 ዓመት ሴት የት አለች? አንቺም ካርድሽን አውጥተሽ 11ዱንም ፊደልና ቁጥር አንድ በአንድ አነበብሽለት። መርቀሽው ዘጋሽ!

እማዬ፣ እየወቀስኩሽ አይደለም። እኔም አምና «ዕቃሽ ፖስታ ቤት ታግቷል» የሚል ቴክስት ነክቼ የባንክ ካርዴን እስከመቀየር ደርሻለሁ። አንቺ በርበሬ በረንዳ ስትነግጂ ሸክላ የተቀላቀለበትን በርበሬ በአፍንጫሽ ብቻ የምትለዪ ሴት ነበርሽ። እዚህ ግን ገበያው ሌላ ነው። ልጁ ከአንቺ ሳንቲም አልጠየቀም። የፈለገው ቁጥርሽን ነው። በቁጥርሽ መንግሥትን ያስከፍላል፣ ለአንቺ ርካሽ ላስቲክ ይልካል። በኤፕሪል 2019 በዚሁ በመደገፊያ ጉዳይ 24 ሰዎች ተከሰው ነበር፤ ጉዳቱ ከ1.2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው የተባለው። ስለዚህ የተሸወድሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ደግሞ በካንሰር የዘር ምርመራ ስም ያጭበረበሩ 35 ሰዎች ተከሰሱ። ጉንጭ በጥጥ ጠርገው ቁጥር የሚወስዱ ናቸው። ዶክተሮችም ነበሩባቸው። ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተው «ነጻ ምርመራ» ሲሉ ነበር ያልሽኝ ሰዎች ነው። አንቺ «ቆርቤያለሁ» ብለሽ አፍሽን አላስነካሽም። ቁርባኑ ጠበቀሽ።

«ከመንግሥት ነው የወሰዱት፣ ከኔ ምን ጎደለ?» ብለሽኛል። ጎድሏል። ነገ ዶክተርሽ የምር መደገፊያ ቢያዝልሽ፣ ሜዲኬር «ወስደሻል» ሊልሽ ይችላል። ከዚህ የባሰም አለ። በሰው ቁጥር ሆስፒስ ያስመዘግባሉ፤ ሊሞት የተቃረበ ሰው የሚታገዝበት ማለት ነው። ሰውየው ሳያውቅ በወረቀት በሞት አፋፍ ላይ ይሆናል፣ ከዚያ ለሕክምና ሲሄድ አይከፈልልህም ይባላል።

እና እንዲህ እናድርግ። ሜዲኬር ሳትጠይቂው ደውሎ ቁጥር አይጠይቅሽም። «ካርድሽ ወደ ፕላስቲክ ሊቀየር ነው» የሚልሽም ውሸቱን ነው፤ ካርዱ ወረቀት ነው። ግሪን ካርድ ይዘሽ አምስት ዓመት ጠብቀሽ ያገኘሽውን ካርድ እንደ ባንክ ደብተርሽ ያዢው። ከሐኪምሽና ከፋርማሲሽ ውጭ ማንም አይየው።

ሰው ጆሮ ላይ ስልክ መዝጋት ነውር ነው እንደምትይኝ አውቃለሁ። እነሱም ይህን ያውቃሉ፤ የሚያጠምዱሽ በይሉኝታሽ ነው። አማርኛውም ለዚሁ ነው። «ልጄን ሳልጠይቅ አልችልም» በይና ዝጊው። ከፈለግሽ መርቂው፣ ግን ዝጊው።

ስልኩ የሚበዛው ኢንሹራንስ መቀየሪያው ወቅት ላይ ነው፤ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7። ባንቺ አቆጣጠር ከጥቅምት አቦ እስከ ኅዳር አማኑኤል መሆኑ ነው። «የምግብ መግዣ ካርድ እንሰጥሻለን» ብለው ኢንሹራንስሽን ያስቀይሩሽና የለመድሽው ዶክተር ከዝርዝሩ ወጥቶ ታገኚዋለሽ። ሳትጠሪው በርሽን የሚያንኳኳ የኢንሹራንስ ሻጭ ሕግ እየጣሰ ነው፤ አትክፈቺለት። ቡናም አታቅርቢለት።

ቅዳሜ ጠዋት አብረን ወደ ሜዲኬር እንደውላለን፣ 1-800-633-4227። «አማርኛ» ስትይ አስተርጓሚ በነጻ ያገናኙሻል። ቁጥርሽ እንዲቀየር እንጠይቃለን። ቀጥሎ ሲኒየር ሜዲኬር ፓትሮል ለሚባሉት እንነግራቸዋለን፤ ቁጥራቸው 1-877-808-2468 ነው። ሥራቸው እንዲህ ያለውን የሜዲኬር ማጭበርበር መከታተል ነው፣ ገንዘብ አይጠይቁም። ወረቀቶቹን ከቆርቆሮው አውጥተሽ ጠረጴዛ ላይ አድርጊያቸው፤ ስንት እንዳስከፈሉ እያነበብን እንነግራቸዋለን።

ካርቶኑንም እንዳትጥይው፣ ማስረጃ ነው። ቀበቶውን ከማዳበሪያው ፍቺና ከሌሎቹ ጋር መልሺው። ለበርበሬው ገመድ እልክልሻለሁ።

ልጅሽ