ጉዳዩ፦ ወደ ጉዛራ ግንብ የሚደረገውን የትምህርት ጉዞ ይመለከታል

ለተከበራችሁ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች፤



ባለፈው የጉዛራ ጉዞ ከሄዱት ተማሪዎች ከቤት የቀሩት መብለጣቸው ትምህርት ቤቱን እጅግ አሳዝኖታል። ስለሆነም ጉዞው ለቀሩት ይደገማል፤ ዕለቱ መደበኛ የትምህርት ቀን በመሆኑም የማይገኝ ተማሪ እንደማንኛውም ቀሪ ይመዘገባል።

«የፋሲል ግቢ ደጃችን ላይ እያለ ዳገት መውጣት ለምን አስፈለገ?» የምትሉ እንደምትኖሩ እንገምታለን። ያስፈለገው የፋሲል ግቢ ደጃችን ላይ ስላለ ነው። ልጆቻችን የግንብ ታሪክ አፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ሲቆረቁሩ የተጀመረ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ከ1563 እስከ 1597 እ.ኤ.አ. የነገሡት አፄ ሠርፀ ድንግል፣ ቤተ መንግሥት ማለት በአብዛኛው ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር የድንኳን ሰፈር በነበረበት ዘመን፣ አርኖና ጋርኖ ወንዞች በሚወርዱበት በእንፍራንዝ አካባቢ፣ ጣናን ቁልቁል ከሚያሳይ ኮረብታ ላይ ጉዛራን በድንጋይና በኖራ ባለ ፎቅ አድርገው አሠርተዋል። የጉዛራን ክብ ማማዎች ያየ ተማሪ የፋሲልን ማማዎች ሲያይ የሚያነጻጽረው ነገር ይኖረዋል፤ ይህን ደግሞ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በመሣል ልናስተምረው አንችልም።

«ፍርስራሽ ነው» ለሚለውም መልስ አለን። የተራቆተ ግድግዳ ድንጋዩ እንዴት እንደተያያዘና ኖራው የት እንደገባ ያሳያል፤ ልስኑ ያልተነካ ሕንፃ ግን ይህን ይሸፍናል። ዩኔስኮም በ1979 እ.ኤ.አ. የፋሲል ግቢን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ጉዛራን አብሮ ያካተተው የሚታይ ነገር ስላለው ነው።

«ሽርሽር ነው» የምትሉም አትጠፉም። ለምረቃ ፎቶግራፍ ወደ ፋሲል ግቢ ለመሄድ በየዓመቱ የትምህርት ሰዓት ፈቃድ የሚጠይቁን ወላጆች መኖራቸውን ግን በአክብሮት እናስታውሳለን። ክፍያን በተመለከተም፣ የሚሰበሰበው ለመጓጓዣ ብቻ ሲሆን የከፈላችሁ ድጋሚ አትጠየቁም፤ መክፈል የሚያዳግተው ወላጅ ልጁን ከማስቀረቱ በፊት ቢሯችን መጥቶ ያነጋግረን።

የተፈረመበት የስምምነት ቅጽ እስከ ዓርብ ለክፍል ኃላፊ መምህሩ ይመለስ። በሕመም የሚቀር ተማሪ የሕክምና ማስረጃ ማቅረብ ይኖርበታል፤ «ፀሐይ ይበረታል» የሚል ማስታወሻ እንደ ማስረጃ አይቆጠርም።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር