ልጅሽ በእንግሊዝኛ መቁጠር ጀመረች አሉ

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? እማማስ፣ ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። መጠፋፋታችን በዛ። አዲሱ የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ከተመረቀ ወዲህ ባሕር ዳርን አላየሻትም መሰለኝ። ወሬሽ ግን ይደርሰኛል። ትንሿ ኬጂ ገብታ በእንግሊዝኛ እስከ ሃያ ትቆጥራለች ሲሉኝ ደስ አለኝ። ሁለት መስመር ልጽፍልሽ ብዬ ነበር፤ ይኸው ደብዳቤ ሆነ።

እኔ አሁንም ኦ ክፍል ነው የማስተምረው። ወላጅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «በእንግሊዝኛ መቁጠር ቻለ?» ብሎ ነው። ዋን፣ ቱ፣ ስሪ ብሎ መዝለቅ ግን መቁጠር አይደለም። ይሄን አንቺ በደንብ እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዱን ልጅ አጠገቤ አስቀምጬ አምስት ቆርኪ ደረደርኩለት። አፉ እየሮጠ ጣቱ ወደ ኋላ ቀረ። ሦስተኛው ቆርኪ ላይ «ፋይቭ» ብሏል፤ ሲጨርስ «ኤይት» አለ። ቆርኪውን አንድ በአንድ ወደ እኔ እየገፋ እንዲቆጥር አደረግሁ። አሁን ፋይቭ ላይ በትክክል ቆመ። «ሃው ሜኒ?» አልኩት። እንደገና ከዋን ጀመረ! በአማርኛ «ስንት ናቸው?» ስለውም ከአንድ ጀመረ። የመጨረሻዋ ቁጥር የሁሉንም ብዛት እንደምትናገር ገና አልገባውም። በዚህ ዕድሜ ያለ ነው፤ እንግሊዝኛው ጋ የሚያገናኘው ነገር የለም።

ሌላ ልጅ ደግሞ አለኝ፣ የአሣ አጥማጅ ልጅ። አባቱ ቀረሶ ሲሸጥ አጠገቡ ሆኖ ነው ያደገው። ስድስት ነገር ፊቱ ብታስቀምጪ ሳይቆጥር «ስድስት» ይልሻል። በእንግሊዝኛ ግን ዝም። ታዲያ ይሄን ልጅ ደካማ ነው ሲሉት ሆዴ ይቃጠላል። የጎደለው የቁጥሩ የእንግሊዝኛ ስም ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ይመጣል። አንደኛ ክፍል ሲገቡም ሒሳቡን የሚማሩት በአማርኛ ነው። ብዛት አንዴ ከገባቸው በሌላ ቋንቋ እንደ አዲስ አይማሩትም።

ጭንቁ ከአስር በኋላ ነው። አስራ አንድ፣ አስራ ሁለት ስንል አስሩ ይሰማል። ኢለቨንና ትዌልቭ ውስጥ ልጅ አስርን ከየት ያገኘዋል? እነሱን በቃል ማስያዝ ነው እንጂ ሌላ መላ የለም። ከዚያ ሰርቲንና ሰርቲ፣ ፊፍቲንና ፊፍቲ ይመጣሉ፤ ለጆሯቸው አንድ ናቸው። ሐይቁ ዳር ታንኳ የሚሠሩት ሰዎች የሚጥሉትን የደንገል ቁራጭ ለቅሜ፣ ሰንጥቄ፣ አስር አስሩን በክር አሰርኩ። ሰርቲን ስል አንድ እስርና ሦስት ነጠላ ያነሳሉ። ሰርቲ ስል ሦስት እስር። በእጃቸው ሲይዙት ልዩነቱ ወዲያው ይገባቸዋል። የምላሱን ነገር አላካብድም። ለ«ስሪ» ምላሳቸውን በጥርሳቸው መሃል ብቅ እንዲያደርጉ አሳያቸዋለሁ፣ ይሳሳቃሉ፣ እናልፋለን።

ከመዝሙሩ ሁሉ የጠቀመኝ ደግሞ ቅልልቦሽ ነው። ጠጠሯን ወደ ላይ ወርውራ ከመሬት ሁለት ስታፍስ «ቱ» ትላለች። እጇ ውስጥ ያለው በእርግጥም ሁለት ነው። ትንሿንም አስተምሪያት፤ እኛ ስንጫወት እንዴት እንደነበርሽ አትረሺም።

እንግዳ ሲመጣ አስቁመሽ እስከ ሃያ አታስቆጥሪያት፣ አደራ። ይልቅ ምሳ ሲቀርብ «ፎር ስፑንስ» በያትና ማንኪያ ታምጣልሽ። ስንት ይዛ እንደመጣች ጻፊልኝ። ሦስት ብታመጣ አትቆጫት፤ ማን እንዳልደረሰው ጠይቂያት፣ ራሷ ሄዳ ትጨምራለች።

ለእማማ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ያንቺው