ለእማዬ፦ «አልከብድም» ስላልሽው

እማዬ፣ እንዴት ከርመሻል? የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን በስልክ ልነግርሽ ሁለቴ ሞክሬ ነበር፤ ሁለቴም «ይሁን ልጄ፣ ተወው» ብለሽ ወሬ ቀየርሽብኝ። በወረቀት ግን አታቋርጪኝም።

ባለፈው ወር ሐኪም ቤት ብቻሽን ሄደሽ መመለስሽን የሰማሁት ከጎረቤትሽ ነው። ደውዬ ስጠይቅሽ «አገልግሎት ላይ እንደምትሆን ስለማውቅ ነው፤ እኔ ለማንም አልከብድም» አልሽኝ። በዚያች ሰዓት የት እንደነበርኩ ልንገርሽ? በቤተ ክርስቲያናችን አረጋውያንን የሚጎበኘው ቡድን ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ሰብሳቢው እኔ ነኝ። የትኛዋ እናት መድኃኒቷን ጠዋት፣ የትኛዋ ማታ እንደምትወስድ በደብተር ጽፌ ይዣለሁ። ያንቺን ግን አላውቅም።

በዚያው ሳምንት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናቱን የመምራት ተራ ደረሰኝ፤ ክፍሉ ማርቆስ 7 ነበር። ስለ እጅ መታጠቡ በደንብ ተዘጋጅቻለሁ። ከቁጥር 9 እስከ 13 ያለውን ግን ለማብቂያው ትንሽ ደቂቃ አስቀርቼለት ነበር። ጌታ እዚያ ላይ ፈሪሳውያንን የሚወቅሰው ስለ ቁርባን ነው። እኛ «ቁርባን» ስንባል ጆሯችን ቶሎ ወደ ጌታ ሥጋና ደም ስለሚሄድ ብዙዎቻችን ክፍሉን ሳናስተውለው እናልፋለን። እዚያ ላይ ግን ቃሉ ለእግዚአብሔር የተለየ መባ ማለት ነው። ሰውየው አባቱንና እናቱን «ከእኔ ታገኙት የነበረው ሁሉ ቁርባን ሆኗል» ካላቸው ያ ነገር ለእነሱ ዝግ ሆነ ማለት ነው። በኢየሩሳሌም አጠገብ በተገኘ አንድ የጥንት የዐፅም ሣጥን ላይ እንኳ ይኸው ቃል ተጽፎ ተገኝቷል፤ ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ማንም ለጥቅሙ እንዳይነካ። ቃሉ እንደ ቁልፍ ነበር የሚያገለግለው።

ፈሪሳውያኑን እንደ ልማዳችን ለመሳደብ ግን አልቸኮልኩም። ዘኍልቍ 30፥2 የተሳለ ሰው ቃሉን እንዳያፈርስ ያዝዛል፤ ስለዚህ ከባዶ አልተነሡም። የኋላ ዘመን የአይሁድ መምህራንም በሚሽና፣ ማለትም በቃል ሲወርድ የመጣው ሕጋቸው በተጻፈበት መጽሐፍ ላይ፣ ስእለቱ በሰውየውና በወላጆቹ መካከል ያለውን ነገር የሚነካ ከሆነ ስለ ወላጆቹ ክብር ሲባል ሊፈታ እንደሚችል ጽፈዋል። ነገሩ እነሱንም አስጨንቋቸዋል ማለት ነው። እኔን ግን አላስጨነቀኝም ነበር።

ጥናቱን ጨርሰን ጸልየን ተለያየን። ማንም ምንም አልጠየቀኝም። መንገድ ላይ ግን አንቺን ካየሁሽ ስንት ጊዜ እንደሆነኝ ቆጠርኩ፤ 7 ሳምንት። የእኔ ቁርባን ገንዘብ አይደለም፣ በየወሩ የምልክልሽን አላቋረጥኩም። ቁርባን ያልኩት ምሽቶቼን ነው። ማክሰኞ ጸሎት፣ ሐሙስ ስብሰባ፣ ቅዳሜ ጉብኝት፣ እሑድ ቀኑን ሙሉ። «ከእኔ ታገኚው የነበረው ጊዜ ለጌታ ሆኗል» ብዬሽ አላውቅም፤ አንቺው ራስሽ አልሽልኝ እንጂ። በዚህ ትንሽ ተቀይሜሻለሁ፣ እውነቱን ልናገርና። የማርቆሱ ሰውዬ ቢያንስ ስእለቱን በራሱ አፍ ተናግሯል። እኔ በእናቴ አፍ ነው የተሳልኩት።

አሁን ወደዚያች ቃልሽ ልምጣ። «አባትህንና እናትህን አክብር» በሚለው ትእዛዝ ላይ «አክብር» የተባለው በዕብራይስጡ «ካቤድ» ነው። ስሚው እስቲ። ከእኛ «ከበደ» ጋር የአንድ ሥር ልጆች ናቸው፤ መነሻው ክብደት ነው። ስለዚህ ትእዛዙን በእኛው ሥር ብንሰማው «አባትህና እናትህ ይክበዱህ» እንደማለት ነው፤ እንደ ቀላል ነገር አትያቸው፣ ክብደታቸውን ተሸከም። አንቺ ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ «አልከብድም» ትዪኛለሽ! በትሕትና እንደምትዪው አውቃለሁ፤ ግን እንድፈጽም የታዘዝኩትን ነገር ከእጄ እየወሰድሽብኝ ነው። በልጅነቴ ይህ ትእዛዝ «ታዘዝ፣ አትመልስ» ማለት ይመስለኝ ነበር። በሲና ተራራ ሥር የቆሙት ግን አብዛኞቹ ሚስትና ልጆች ያሏቸው፣ አዛውንት ወላጆች የሚጦሩ ሰዎች ናቸው። ትእዛዙ በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው ነው የተሰጠው።

ምን እንደምትመልሺልኝም አውቃለሁ። ማቴዎስ 10፥37፤ «ከእኔ ይልቅ አባቱን ወይም እናቱን የሚወድ ለእኔ ሊሆን አይገባውም»። ከቤት ስወጣ ያነበብሽልኝ ጥቅስ ነው፣ አልረሳሁትም። ጥቅሱን ላለዝበው አልፈልግም፤ የሚጠይቀውን ይጠይቃል። ነገር ግን ያዕቆብና ዮሐንስ ጌታን ሲከተሉ ምን እንደሆነ ማርቆስ 1፥20ን እይው። አባታቸውን ዘብዴዎስን ጀልባው ላይ ትተውት ሄዱ፣ አዎ። ማርቆስ ግን «ከሞያተኞች ጋር» የምትል ቃል ጨምሯል። ሽማግሌው ብቻውን መረብ ሲጎትት አልቀረም። ጥቂት ዝቅ ብለሽ ደግሞ ሁሉን ትቶ የተከተለው ስምዖን ቤት አማቱ ታምማ ተኝታለች፤ ጌታም ወደ ቤቱ ገብቶ እጇን ይዞ አስነሣት። ያ ዮሐንስ ከመስቀሉ ሥር የቆመው ነው። ጌታ የዓለምን ኃጢአት ተሸክሞ እየሞተ ሳለ እናቱን አደራ የሰጠው ለእሱ ነው፤ ዮሐንስ 19፥27 ላይ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደ ቤቱ ወሰዳት ይላል። «እኔ ከዚህ የሚበልጥ ሥራ አለኝ» ማለት ለጌታ ያን ቀን ካልተገባው ለእኔ ሐሙስ ማታ አይገባኝም።

ጳውሎስ ደግሞ ያንቺን ክርክር ቀድሞ የሰማ ይመስላል። 1ኛ ጢሞቴዎስ 5 ስለ መበለቶች ነው፤ በመዝገብ የምትጻፈው ዕድሜዋ ከ60 ያላነሰ እንድትሆን እስከመወሰን ድረስ በዝርዝር ይገባል። ቁጥር 4 ላይ ግን ልጆችና የልጅ ልጆች አስቀድመው ለቤተ ሰዎቻቸው እግዚአብሔርን መምሰል ይማሩ፣ ለወላጆቻቸውም ብድራት ይመልሱ ይላል። «እግዚአብሔርን መምሰል» የሚለውን እዚያ ቦታ ላይ ማግኘቴ አስደነገጠኝ። እኔ በጉልበቴና በመድረክ ላይ ነበር የምፈልገው። በቁጥር 16 ደግሞ ዘመድ ያላቸውን ዘመዶቻቸው እንዲረዱ ያዝዛል፤ ምክንያቱም ቤተ ክርስቲያን ላይ ከብደው ማንም የሌላቸው እንዳይጎድሉ ነው። ክብደት እንደገና መጣ። የአንቺ ክብደት ባለቤት አለው፤ እኔና እህቴ ነን።

ስለዚህ የሐሙሱን ስብሰባ ተውኩ። ለሽማግሌዎቹ ስነግራቸው አንዱ «የጌታን ሥራ ለቤተሰብ ጉዳይ?» አለኝ። ጥሩ መልስ ቢኖረኝ ደስ ባለኝ፤ «እኔም እንደዚህ ነበር የማስበው» ብቻ ነው ያልኩት። ቅር እንዳለው አውቃለሁ። በእኛ ዘንድ የሰው ትጋት የሚለካው በተገኘበት ስብሰባ ብዛት ነው፤ ይህን ልማድ ብዙ ዓመት እኔም ስለለካሁበት ዛሬ በሌላው ላይ ጣቴን ብቀስር ያምርብኛል ብዬ አላስብም። ጉብኝቱን አልተውኩም። የሰብሳቢነቱን ሥራ ግን ከእኔ የተሻለች ልጅ ይዛዋለች፣ ደብተሩንም አስረክቤያታለሁ።

እንግዲህ በየሳምንቱ ሐሙስ እመጣለሁ። «ምን አደከመህ፣ ባትመጣም ይገባኝ ነበር» እንዳትዪኝ። የሐኪም ወረቀቶችሽንና መድኃኒቶችሽን ሁሉ፣ ያቆምሻቸውንም ጭምር፣ ጠረጴዛው ላይ አውጥተሽ ጠብቂኝ፤ አዲስ ደብተር ገዝቻለሁ። ቀጣዩ ቀጠሮሽ መቼ እንደሆነም ንገሪኝ፣ አብረን እንሄዳለን። መነጽርሽ አልበቃ ብሎሽ ማንበብ እንደተውሽ እህቴ ነግራኛለች። ማርቆስ 1ን እኔ አነብልሻለሁ፤ ከዚያ ስለ ዘብዴዎስ የምትከራከሪኝ ካለሽ ተከራከሪኝ።

ልጅሽ