የልብ ድካም የደም ምርመራ ውጤታችሁን እንዴት ታነቡታላችሁ?

ውድ ደንበኞቻችን፣

የልብ ድካም ክትትል ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ከላብራቶሪያችን ውጤታችሁን ስትወስዱ አንድ ነገር ትጠይቁናላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ፊት ለፊት፣ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ዙሪያውን ዞራችሁ። "ይሄ ቁጥር ምን ያህል ጊዜ አለኝ ማለት ነው?" ነው ጥያቄው። ቆመን በሁለት ቃል የምንመልሰው ነገር አይደለም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ጻፍንላችሁ።

መልሱን ከመጀመሪያው እንናገር። በደም ውስጥ የሚለኩ አንዳንድ ጠቋሚዎች ሆስፒታል የመተኛት ወይም የመሞት አደጋ ከፍ ማለቱንና ዝቅ ማለቱን ያሳያሉ። ይህ በብዙ ጥናቶች የታየ እውነት ነው። ነገር ግን የሚናገሩት ስለ ብዙ ሕመምተኞች በጅምላ ነው። ተመሳሳይ ቁጥር ካላቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ለዓመታት ደህና ሆኖ ሊኖር፣ ሌላው በጥቂት ወራት ሊብስበት ይችላል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆናችሁ ወረቀቱ አያውቅም። ወረቀቱ በደንብ የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው፤ ካለፈው ጊዜ ወዲህ ወዴት እየሄዳችሁ እንደሆነ።

ብዙ ጊዜ የሚታዘዝላችሁ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ነው። ደም የሚገፉት የታችኛዎቹ የልብ ክፍሎች በፈሳሽ ብዛት ወይም በግፊት ሲወጠሩ የልብ ጡንቻ አንድ ፕሮቲን ያመነጫል። ፕሮቲኑ ለሁለት ይሰነጠቃል። አንደኛው ቁራጭ ቢኤንፒ ይባላል። ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዲያስወጣ ያደርጋል፤ የደም ሥሮችንም ያላላል። እ.ኤ.አ. በ1988 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች መጀመሪያ ያገኙት ከአሳማ አንጎል ውስጥ ነበር፤ ዋና ምንጩ ልብ መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው። ሁለተኛው ቁራጭ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ነው። እሱ ይህ ነው የሚባል ሥራ የለውም፤ ግን ደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ ለመለካት ይመቻል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ልብ ውጥረት ላይ ነው ማለት ነው። ውጥረቱ ሲረግብ ቁጥሩም ይወርዳል።

ብዙ ሰው የሚደነግጠው ከቁጥሩ አጠገብ "ከፍተኛ" የሚል ምልክት ሲያይ ነው። ይህን ምልክት በደንብ እንድትረዱልን እንፈልጋለን። በተመላላሽ ሕክምና ከ125 ፒኮግራም በሚሊ ሊትር በታች የሆነ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ የልብ ድካም የመኖሩን ዕድል ዝቅተኛ ያደርገዋል። ትንፋሽ አጥሮት ድንገተኛ ክፍል ለገባ ሰው ደግሞ መነሻው 300 ነው። ሁለቱም ወሰኖች የወጡት "በሽታው አለ ወይስ የለም?" ለሚለው ጥያቄ ነው። እናንተ ግን በሽታው እንዳለባችሁ ቀድሞ ታውቋል። ስለዚህ ከ125 በላይ መሆናችሁ አዲስ ወሬ አይደለም። ምልክቱ የወደፊቱን አይተነብይም።

ቁጥሩን የሚያንቀሳቅሰው ልብ ብቻም አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ ይጨምራል። ኩላሊት ሲደክም ይጨምራል። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የልብ ምት መዛባትም ከፍ ያደርገዋል። በተቃራኒው ከመጠን በላይ ውፍረት ያለው ሰው ልቡ ተወጥሮም ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። አንድ ዓይነት በሽታ ያለበት ዘመዳችሁ ወይም ጓደኛችሁ ያገኘውን ውጤት ከእናንተው ጋር አታወዳድሩ የምንለው ለዚህ ነው።

ከራሳችሁ ያለፈ ውጤት ጋር ግን አወዳድሩ። ለምሳሌ ከ4,000 ወደ 2,500 የወረደ ሰው ወረቀቱ ላይ አሁንም "ከፍተኛ" ይባላል፤ አቅጣጫው ግን ጥሩ ነው። ከ900 ወደ 1,900 የወጣ ሰው ቁጥሩ ከዚያኛው ቢያንስም ቶሎ ሐኪሙን ማየት አለበት። ሆስፒታል ተኝተው ሲታከሙ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒያቸው ከ30 በመቶ በላይ የወረደላቸው ሕመምተኞች ከወጡ በኋላ የተሻለ ዕድል እንዳላቸው ተደጋግሞ ታይቷል። ትንሽ ከፍ ዝቅ ማለቱ ግን አያስጨንቃችሁ። ሕመሙ ሳይለወጥም ቁጥሩ ከአንዱ ምርመራ ወደ ሌላው ይዋዥቃል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሳኩቢትሪል እና ቫልሳርታን የተባሉትን ጥምር መድኃኒት የምትወስዱ ካላችሁ ንገሩን። መድኃኒቱ ቢኤንፒን የሚሰባብረውን ኢንዛይም ስለሚያግድ ሕመሙ ሳይብስ ቢኤንፒ ከፍ ሊል ይችላል። ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒን ግን ያ ኢንዛይም አይነካውም። ስሞቻቸው ቢመሳሰሉም ሁለቱ የተለያዩ ምርመራዎች ናቸው፤ የአንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር ማነጻጸር ያሳስታል።

የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣው ትሮፖኒን የተባለ ፕሮቲንም ብዙ ያስደነግጣል፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው በድንገተኛ የልብ ሕመም ምርመራነቱ ነውና። በልብ ድካም ውስጥ ግን ያለ ደም ሥር መዘጋትም በመጠኑ ከፍ ብሎ ሊቆይ ይችላል። የልብ ጡንቻ ሴሎች ቀስ በቀስ እየተጎዱ መሆኑን ያሳያል፤ ከፍ ብሎ ሲቆይ አደጋውም ይጨምራል። የደረት ሕመም ካላችሁ ግን ወረቀት መተርጎሙን ትታችሁ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ኤስቲ2 እና ጋሌክቲን-3 የሚባሉም አሉ። ከልብ ጡንቻ ጠባሳና ብግነት ጋር ይያያዛሉ፤ ስለ አደጋው ተጨማሪ ነገር ይናገራሉ። ሐኪማችሁ ካላዘዘ በራሳችሁ አታሠሯቸው። ምርመራ የምንሸጥ ብንሆንም ይህን ስንል ከልባችን ነው። ውጤታቸው ሕክምናችሁን የሚቀይረው ከስንት አንዴ ነው።

እኛ ከእነዚህ ይልቅ ተራ ለሚመስሉት ምርመራዎች ትልቅ ቦታ እንሰጣለን። የክሪያቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው) መጨመር፣ የሶዲየም መቀነስ፣ የሄሞግሎቢን ማነስ፣ ሁሉም ስለ ወደፊቱ ይናገራሉ። በተለይ የብረት ማዕድን እጥረትን አትናቁ። በልብ ድካም ሕክምና ፌሪቲን (የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው) ከ100 በታች ሲሆን፣ ወይም ከ100 እስከ 299 ሆኖ የትራንስፈሪን ሙሌት (ብረት ተሸካሚው ፕሮቲን ምን ያህል ብረት እንደያዘ የሚያሳየው) ከ20 በመቶ በታች ሲሆን እጥረት አለ ይባላል። ደም ማነስ ባይኖርም እንኳ። የልብ የመግፋት አቅማቸው ለቀነሰ ሕመምተኞች ብረት በደም ሥር ሲሰጥ አቅምና ኑሯቸው ይሻሻላል። ይህ ጠቋሚ አደጋን በመናገር ብቻ አያበቃም፤ የሚታከም ነገር ያሳያችኋል።

"ታዲያ ቁጥሩን እያሳደድን ብናወርደው አይሻልም ወይ?" ትሉ ይሆናል። ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጋይድ-አይቲ የተባለ ጥናት ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒን ከ1,000 በታች ለማድረግ ያለመ ሕክምና ከተለመደው ጥሩ ክትትል የተሻለ ውጤት እንዳላመጣ አሳየ። በ2022 የወጣው ስትሮንግ-ኤችኤፍ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ሕመምተኞች ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ የመድኃኒታቸው መጠን በ2 ሳምንት ውስጥ በፍጥነት ወደ ሙሉው እንዲደርስ ተደረገ። ምርመራቸው ቶሎ ቶሎ ነበር፤ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒም ደህንነታቸውን ከሚጠብቁት መለኪያዎች አንዱ ነበር። በ180 ቀን ውስጥ የሞቱ ወይም በልብ ድካም ዳግም ሆስፒታል የገቡ 15.2 በመቶ ሆኑ፤ በተለመደው ክትትል ግን 23.3 በመቶ ነበሩ። ለውጡን ያመጣው በሚገባ የተሰጠው መድኃኒትና የቅርብ ክትትሉ ነው።

ስለዚህ እባካችሁ ውጤት አይታችሁ መድኃኒት አታቁሙ፣ አትጨምሩም። ቁጥሩ ጥሩ ሆኖም በ3 ቀን ውስጥ ክብደታችሁ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ፣ እግራችሁ ካበጠ፣ ወይም ተኝታችሁ መተንፈስ ካቃታችሁ ቀጣዩን ምርመራ አትጠብቁ። ለሐኪማችሁ ደውሉ።

ለኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ጾማችሁ መምጣት አያስፈልግም። ለፀጉርና ለጥፍር የሚወሰደውን ባዮቲን በብዛት የምትወስዱ ከሆነ ግን ደም ከመወሰዱ በፊት ንገሩን፤ አንዳንድ ምርመራዎችን ያዛባል። የድሮ ውጤቶቻችሁንም ይዛችሁ ኑ። እስካሁን ሌላ ላብራቶሪ ስትሠሩ ከቆያችሁ እዚያው ብትቀጥሉ አንቀየምም፤ በአንድ ዓይነት መሣሪያ የተለካ ውጤት ለማነጻጸር ይሻላል። ከእኛ ጋር ለምትቀጥሉ ደግሞ፣ ስትጠይቁን የቀድሞዎቹን ቁጥሮች ከአዲሱ ጎን አስቀምጠን እናትምላችኋለን። ያንን ወረቀት ለሐኪማችሁ አሳዩ።

ከአክብሮት ጋር፣
የላብራቶሪው ባልደረቦች