ለሽሮ ሜዳ ታዳጊዎች ጎል፣ ኳስና ታኬታ

ሰላም የሰፈር ልጆችና ወዳጆች፤

ዙሪያ ጥምጥም አንሄድም። የታዳጊዎች ቡድናችን ሁለት ጎል፣ ጥቂት ኳሶችና ታኬታ ያስፈልጉታል። እጃችሁን ዘርጉልን።

ይህን ቡድን ቁጭ ብሎ ያቋቋመው የለም። ትልልቆቹ ጠዋት ሲጫወቱ ትንንሾቹ ዳር ቆመው ኳስ ያቀብሉ ነበር። ትልልቆቹ ሲደክማቸው ሜዳው ለልጆቹ ይለቀቃል። ቆየት ብሎ አንዱ ያሰለፋቸው ጀመር፣ ሌላው ፊሽካ ገዛ። በቃ፣ ቡድን ሆነ። ቅዱስ ጊዮርጊስም ቢሆን በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው በአራዳ ልጆች ነው። (የቡና ደጋፊዎችም ስላሉን ወሬውን እዚህ ጋ እናቁመው።)

ሽሮ ሜዳን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ብዙ ቤት ሸማ ይሠራል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ማግ ያዳውራሉ። በዓል ሲቃረብማ ቀና የሚል የለም። ስለዚህ ያኔ ከልምምድ የቀረን ልጅ ከቡድኑ አናስወጣም። የትምህርት ቤት ካርዳቸውን እናያለን። ውጤቱ የወረደበትን ልጅ ግን ትልልቆቹ ያስጠኑታል እንጂ ከኳስ አንከለክለውም፤ ኳሱን ነጥቀነው ሒሳብ የሚገባው አይመስለንም። ፕሮፌሽናል ተጫዋች እናወጣለን ብለንም አንዋሽም። ወንድም ሆነ ሴት፣ ከሥራና ከትምህርት በተረፈችው ሰዓት ልጅ ሆኖ የሚጫወትበት ቦታ ይኑረው ነው የምንለው።

አሁን ጎላችን ሁለት ድንጋይ ነው። ኳሷ ከፍ ብላ ካለፈች “ገብቷል!” “አልገባም!” እየተባለ ግማሹ ሰዓት በጭቅጭቅ ያልቃል። “ሜዳው ነገ ቢወሰድስ?” ያላችሁን አላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለዚህም ነው ተንቀሳቃሽ የብረት ጎል የምናሠራው፤ ሜዳ ብንቀይር ይዘነው እንሄዳለን። ነገር ግን እንዲህ ያለ ጎል መሬት ላይ በደንብ ካልታሰረ ይገለበጣል። በሌላ አገር ልጆች ሞተውበታል። ስለዚህ የማሰሪያው ወጪም ከጎሉ ጋር ተደምሯል፤ እሱን ቀንሱ እንዳትሉን።

ያሉን ኳሶች 5 ቁጥር ናቸው። ዙሪያቸው ከ68 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ለትልልቆቹ ልክ ነው። ከ12 ዓመት በታች ላሉት 4 ቁጥር እንፈልጋለን።

ክረምት ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ ሜዳውን ቆራርጦታል። ለዚያ ብር አንጠይቅም፤ ቦዩን የምንቆፍረው ራሳችን ነን። አካፋና ዶማ ያለው ያውሰን፤ ጉልበት ያለው ደግሞ ራሱ ይምጣ።

ገንዘቡ የሚገባው በቡድኑ ስም በተከፈተው የባንክ ሂሳብ ነው። ያለ ሦስት ፊርማ አይወጣም፤ አንደኛው ፈራሚ የልጆች ወላጅ ነው። የሂሳብ ቁጥሩን ከአስተባባሪዎቹ ውሰዱ። ደረሰኞቹን ሁሉ ለሰጪዎች እናሳያለን። ትንሽ ነው ብላችሁ አትፈሩ፤ የአንድ ማኪያቶ ዋጋም ይቆጠራል።

ውጭ ያላችሁ የሰፈር ልጆች፣ በተለይ አሜሪካ ሆናችሁ ከ1984 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሚካሄደው የኢትዮጵያውያን የኳስ ውድድር በየዓመቱ የምትገናኙ፣ እዚያው ስትገናኙ ተነጋገሩበት። ለዕረፍት የሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ ለልጆቻችሁ የጠበበ ታኬታ ይገባል። ከ32 እስከ 40 ቁጥር ያለውን ሁሉ እንቀበላለን። ያገለገለ ቢሆንም ችግር የለም፣ ሶሉ ካልተላቀቀ ይበቃናል። ስትልኩ ግን የግራና የቀኙን ማሰሪያ አንድ ላይ ቋጥሩልን።